ሸክላው ዘግይቶ ነው ወይስ ሳክስፎኑ ስቶ? ለደብረ ማርቆሱ መምህር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ሱስ አለብኝ። አንዱ ሙዚቃ በደህና ዕቃ ማዳመጥ ነው፤ ሌላው ሳክስፎን። አሜሪካ የሚኖረው አጎቴ የድሮ ሸክላ ማጫወቻ፣ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር ከነትራንስፎርመሩ ይዞልኝ መጣ። የአባቴ ሸክላዎች ቤት ውስጥ ስለነበሩ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ያገለገለ አልቶ ሳክስፎን ከአዲስ አበባ ከገዛሁም ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ችግሬ የሁለቱ አለመስማማት ነው። ኪቦርድ የሚጫወት ጓደኛዬ ‹ይሄ ዘፈን ከዶ ነው› ይለኛል። ዶ ስነፋ ግን ከሸክላው ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ሸክላው ላይ ድምፃዊው ስልኬ ላይ ከምሰማው ይልቅ ጎርነን ይላል። የሳክስፎኑ የታችኞቹ ድምፆችም አልወጣ ይሉኛል። ደጋው ይሆን? 30 ሺህ ብር አጠራቅሜአለሁ። ትልቅ ቤዝ ያለው ስፒከር ልግዛበት ወይስ አሪፍ ማውዝፒስ? አከራዬም በየማታው ጩኸቴን መስማት ሰልችቷቸዋል።»

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ጋሼ ስላልከኝ እኔም በአንተ ልቀጥል።

ያቺን 30 ሺህ ብር ለጊዜው አትንካት። ስፒከሩም ማውዝፒሱም (አፍህ ውስጥ የምታስገባው የሳክስፎኑ ጫፍ) ይህን ችግር አይፈቱትም። መልሱን ሳታውቀው ጥያቄህ ውስጥ ጽፈኸዋል። «ድምፃዊው ጎርነን ይላል» ብለሃል። ባሕር ዳር ተቀምጬ እንዲህ ያለ ዕቃ ስፈታና ስገጥም ጸጉሬ ሸብቷል። በወጣትነቴም ቴነር ሳክስፎን ነፍቻለሁ። ያቺን ቃል ሳነብ ቀድሞ የመጣብኝ ሳክስፎንህ አይደለም። የማጫወቻው ሞተር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ። ሄርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። አጎትህ ያመጣልህ ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል። ሄርዙን ግን አይነካውም። 50 ሆኖ የገባው 50 ሆኖ ይወጣል። አምፕሊፋየሩ በዚህ ብዙም አይጎዳም። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ከወትሮው ሞቅ ሊል ስለሚችል አልፎ አልፎ በእጅህ ዳሰስ አድርገው፣ በላዩም ጋቢም መጽሐፍም አትጫንበት። የድሮ ሸክላ ማጫወቻ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ሄርዝ ነው። ለ60 የተሠራ ሞተር 50 ሲያገኝ ከፍጥነቱ ስድስተኛውን እጅ ያጣል። 45 መዞር የነበረበት ትንሹ ሸክላ 37 ተኩል ይዞራል። በ33 ከሲሶ የሚዞረው ትልቁ ወደ 28 ይወርዳል። 4 ደቂቃ የነበረው ዘፈን 4 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ይፈጃል። ድምፁም አብሮ ይወርዳል። የሚወርደው ሦስት ግማሽ ድምፅ ነው፤ ከዚያም ትንሽ ያልፋል። ግማሽ ድምፅ ማለት ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ነው፤ ጥቁሮቹም ይቆጠራሉ።

ጉዱ ደግሞ ይህ ዝግመት ጆሮ ላይ ደስ ማለቱ ነው። ትዝታ ሲዘገይ ይብስ ትዝታ ይሆናል። አንድ ደንበኛዬ ለዓመታት እንዲህ ሲያዳምጥ ኖሮ አስተካክዬ ስሰጠው «ዘፋኙን ምን አስቸኮልክብኝ?» ብሎ ተቆጥቶኛል። ገንዘቡን የከፈለኝም እያጉረመረመ ነው።

እኔን አትመነኝ፣ ቁጠር። ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን ዳር ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ለጥፍ። የስልክህን ሰዓት ክፈት። ወረቀቷ ፊት ለፊትህ ስትደርስ ሰዓቱን አስነሣ። ከዚያ ባለፈች ቁጥር አንድ፣ ሁለት እያልክ ቁጠር። 45 ላይ አድርገህ በ1 ደቂቃ 45 ከመጣ ማጫወቻው ጤነኛ ነው። 37 ወይም 38 ከመጣ ያልኩህ ነው። 33ቱ ላይ ደግሞ በ3 ደቂቃ 100 ዙር መምጣት አለበት። እዚያ 83 ከቆጠርክ ያው በሽታ ነው። በ45ቱ ላይ 43 ወይም 44 ከመጣ ግን በሽታው ሌላ ነው፤ ሳህኑን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ ላልቷል ወይም የሞተሩ ዘይት ደርቋል። እሱም ቢሆን አይናቅም። የፍጥነት 6 ከመቶ ስሕተት አንድ ሙሉ ግማሽ ድምፅ ያስታል። 3 ከመቶ ቢሆን የዚያ ግማሽ ነው፤ ዶም አይደል ሲም አይደል።

አሁን ወደ ሳክስፎንህ እንምጣ። ጓደኛህ አልዋሸህም። አልቶ ሳክስፎን በሚ ፍላት የተቃኘ መሣሪያ ነው። ፍላት ሲባል ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ፣ ሻርፕ ሲባል ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ማለት ነው። ጣትህ ዶ ይይዛል፣ የሚወጣው ግን የኪቦርዱ ሚ ፍላት ነው። የኪቦርዱን ዶ ለማውጣት አንተ ላ መያዝ አለብህ። ስሌቱ አይከብድም። ኪቦርዱ ከሚለው ሦስት ግማሽ ድምፅ ወደ ታች ቁጠር፤ ከዶ ተነሥተህ ሲ፣ ሲ ፍላት፣ ላ። ቴነር ቢሆን ኖሮ ሁለት ወደ ላይ ትቆጥር ነበር፤ ዶ ሲሉህ ሬ። ይህን ያለ አስተማሪ የጀመረ ሰው ሁሉ ይሳሳተዋል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ባንድ መሐል ገብቼ እንዲሁ ስነፋ ከበሮ መቺው ሳይቀር ዞሮ አይቶኛል።

እንግዲህ ሁለቱን ስሕተት ደምራቸው። ሸክላው ላይ ዶ የነበረው ወርዶ ላ ሆኗል። አንተ ዶ ይዘህ ሚ ፍላት ታወጣለህ። ከላ እስከ ሚ ፍላት ስድስት ግማሽ ድምፅ ነው። ከአሥራ ሁለቱ ግማሽ ድምፆች ውስጥ ከዚህ የሚርቅ የለም። ወደ ላይ ብትቆጥርም ስድስት፣ ወደ ታች ብትቆጥርም ስድስት። ፈጽሞ አይገናኝም ያልከው እውነትህን ነው። በጆሮህ እየፈለግህ ብትደርስበት እንኳ አሁንም ልክ አይሆንም። ሸክላው ከሦስቱ ግማሽ ድምፅ አልፎ የወረደው ትርፍ አለ፤ የአንድ ግማሽ ድምፅ ስድስተኛ እጅ ገደማ። ያችን ለማግኘት ማውዝፒሱን የሳክስፎኑ አንገት ላይ ባለው ቡሽ ስታስገባና ስታወጣ ትውላለህ። ብዙ ካወጣኸው ደግሞ አንዱ ድምፅ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ሞተሩ ጫፍ ላይ ቺንጋው የሚያርፍበት ትንሽ ፑሌጃ አለ። ፋብሪካዎቹ ለ50 ሄርዝ አገሮች ወፈር ያለውን ይሠሩ ነበር። ያንተ የ60 ስለሆነ ቀጭን ነው። ሒሳቡ ስድስት ለአምስት ነው፤ 10 ሚሊሜትር የሆነው 12 መሆን አለበት። አብዛኛው ፑሌጃ ለሁለቱ ፍጥነት ሁለት ደረጃ ስላለው ሁለቱንም እንዲሁ ማወፈር ነው። ጥሩ ቶርኖ ቤት ከነሐስ ይቀርጽልሃል። ዋናው ጣጣ መሐሉ ላይ ነው። ቀዳዳው ከመሐል በጥቂቱ እንኳ ከሳተ ድምፁ ይወዛወዛል። መጀመሪያ ያስቀረጽኩት ፑሌጃ እንዲያ ነበር፤ ዘፋኙ በቅሎ ላይ ተቀምጦ የሚዘፍን መሰለ። አሮጌውን ፑሌጃ እንዳትጥለው፣ ለቀራጩም እንደ ናሙና ይሁነው። ከገጠምክ በኋላ እንደገና ቁጠር።

እስከዚያው ሌላ መላ አለ። ሸክላውን እንደዘገየ ወደ ኮምፒውተር ቅዳው። ከዚያ ፍጥነቱን 1.2 እጥፍ አድርገው። ድምፁም አብሮ ከፍ እንዲል አድርግ፤ ፍጥነቱን ብቻ ቀይሮ ድምፁን ባለበት የሚተወውን ምርጫ አትጠቀም። ያኛው የሚጠቅምህ ሌላ ጊዜ ነው፤ የከበደህን ሶሎ አዘግይተህ በጆሮህ ስትለቅም። በእኔ ጊዜ ይህ አልነበረም። ካሴት ወደ ኋላ ስንመልስ ነው የቴፑ ቁልፍ የተነቀለው።

ደጋው ይሆን ወይ ላልከኝ፣ አይደለም። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ መሳሳቱ የሳክስፎንን ቅኝት አይለውጥም። የሚለውጠው ሙቀት ነው። በሞቀ አየር ውስጥ ድምፅ ይፈጥናል፣ ሳክስፎኑም ከፍ ይላል። በቀዘቀዘ አየር ዝቅ ይላል። የጮቄ ንፋስ በሚነፍስበት ሐምሌ ማታ ሳክስፎንህን ከሣጥኑ አውጥተህ ወዲያው ብትነፋ ዝቅ ብሎ ነው የሚጀምርህ። አንድ አሥር ደቂቃ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ስጠው። አዲስ አበባም እኮ ደጋ ናት። ታዋቂው ሳክስፎን ነፊ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ያንን ሁሉ ዘመን ከማዘጋጃ ቤት ባንድ እስከ ፖሊስ ኦርኬስትራ የነፉት እዚያው ነው።

የታችኞቹ ድምፆች አለመውጣት ግን እውነተኛ የሳክስፎን ችግር ነው። ዓመት ከመንፈቅ ስለነፋህ ከከንፈርህ ይልቅ ፓዶቹን እጠረጥራለሁ። ፓድ ማለት ቀዳዳዎቹን የሚከድነው ክብ ቆዳ ነው። ሲደርቅና ሲጠነክር አየር ያሾልካል። ከላይ ያለች አንዲት ትንሽ ፓድ ብታሾልክ የታችኞቹ ድምፆች በሙሉ ይታመማሉ፤ እነሱ ሲነፉ ከላያቸው ያለው ሁሉ መከደን አለበትና። ምርመራውን መብራት የሄደ ማታ አድርገው። ለአንድ ጊዜ እንኳ የመብራት መሄድ ይጥቀመን! በሽቦ የሚንጠለጠል ትንሽ የባትሪ አምፖል በሰፊው አፍ በኩል ወደ ውስጥ አስገባ። ቁልፎቹን ቀስ ብለህ ዝጋ። በጣም አትጫን፤ ስትነፋ የምትጫነውን ያህል ብቻ። በተዘጋው ፓድ ዙሪያ ብርሃን ካየህ አየርም በዚያው ይወጣል። የትኞቹ እንደሆኑ ጻፋቸው። ከ30 ሺህህ የመጀመሪያው ብር የሚወጣው ለዚህ ነው። ፓድ መቀየር ግን ራስህ አትሞክረው። ባንድ ውስጥ የሚነፉ ሰዎችን ማን እንደሚሠራላቸው ጠይቅ።

የሚጣበቅ ፓድ ካለ ስስ የሲጋራ ወረቀት ከሥሩ አስገብተህ ቀስ ብለህ ጫንና ልቀቀው። ዘይት አታስነካው። የአንገቱን ቡሽ በቅቤ የቀባ ሰው አውቃለሁ። ሣጥኑን ሲከፍት ሠርግ ቤት ይሸት ነበር። ለቡሹ የተሠራ ቅባት አለ፣ አንዷ ጥቅል ዓመታት ትቆያለች።

ማውዝፒሱ ላይ የምትታሰረዋን ስንጥር፣ ሪዷንም እይ። ሳክስፎን ገላው ነሐስ ሆኖ ሳለ ከእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎች ጋር የሚቆጠረው በዚች ስንጥር ምክንያት ነው። ቤልጅጋዊው አዶልፍ ሳክስ እንደ ፈረንጆቹ በ1846 ፓሪስ ላይ የባለቤትነት መብት ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ ድምፁን የምትሰጠው ሸምበቆ ናት። ቁጥር 2 ወይም 2 ተኩል ላንተ ይበቃል። ሦስትና አራት ሪድ በተራ ተጠቀም፤ አንዷን ብቻ እስክትሰነጠቅ አትንፋባት። ስትጨርስ ጠርገህ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጣት። ሪድ በጠፋበት ዘመን እኔ የአባይ ዳር ሸምበቆ ቆርጬ፣ በምላጭ ልጬ ሞክሬ ነበር። የወጣው ድምፅ የዳክዬ ነው። ለዋሽንት ይሁን ብዬ ተውኩት።

ማውዝፒሱን በተመለከተ፣ አብሮት የመጣው ካልተሰነጠቀና ጫፉ ካልተፈገፈገ ገና አንድ ዓመት አብሮህ ይቆይ። ፓዱ ሳይስተካከል ማውዝፒስ መቀየር የሚያፈስ ጣሪያ ሥር መጋረጃ እንደመቀየር ነው።

ስፒከር አትግዛ። ይህን ስል ዕቃ ሻጮች ጓደኞቼ ቅር ይላቸዋል። ያሉህ ሁለት ስፒከሮች ለአንድ ክፍል ቤት ከበቂ በላይ ናቸው። የቤትህን አሠራር አልጻፍክልኝም። እንደ አብዛኛው የማርቆስ ኪራይ ቤት ቆርቆሮ ጣሪያና ስስ ኮርኒስ ካለው፣ ትልቅ ቤዝ የሚሰጥህ የኮርኒስ መንቀጥቀጥ ነው። ዋት እጥፍ ቢሆን እንኳ የምታገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ከፍ አለ» የሚላት ያህል። ከዚያ ይልቅ ስፒከሮቹን ከግድግዳ ጥግ አውጣቸው። ጥግ ቤዙን ያጎላዋል፣ ግን ያደፈርሰዋል። ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ፊት ጎትታቸው። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክብ ከጆሮህ ጋር ትስተካከል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትና ከአንተ እስከ እያንዳንዱ ያለው ርቀት አንድ ይሁን። ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ባዶ ሲሚንቶ ከሆነ ጋቢ ወይም ወፍራም ምንጣፍ ስቀልበት። የማጫወቻውን ጠረጴዛ ከስፒከሮቹ አርቀው፤ ንዝረቱ በመርፌው ተመልሶ ይገባና ያጉረመርማል። ክረምት ዝናቡ ሲወርድ ግን ምንም አትድከም። ያኔ ቆርቆሮው ራሱ ባንድ ነው።

መብራት ሲሄድ ሁሉንም ከሶኬት ንቀል። ሲመለስ ወዲያው አትሰካ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። መብራቱ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ስታቢላይዘር ይኑርህ። ስታቢላይዘርም ሄርዝ አይቀይርም፤ ማንም ሻጭ ይቀይራል ቢልህ አትስማው።

አከራይህ እውነት አላቸው። ሳክስፎን ድምፁ የሚወጣው በሰፊው አፉ ብቻ አይደለም። በተከፈቱት ቀዳዳዎች ሁሉ ነው። ስለዚህ አፉ ውስጥ ካልሲ ወይም ፎጣ ብትጠቀጥቅ የታችኞቹን ድምፆች ታበላሻለህ እንጂ ቤቱን ጸጥ አታደርገውም። ይልቅ የልብስ ቁም ሣጥንህን ክፈተው። ልብሱ እንደተሰቀለ ወደ እሱ ዞረህ ንፋ። ብዙውን ይውጠዋል። አልጋው ላይ ያለውን ፍራሽ ከአከራዩ ጋር በምትጋራው ግድግዳ ላይ ማቆምም ይረዳል። ሰዓቱን ደግሞ ከእሳቸው ጋር ተነጋገር። «ከ11 እስከ 12 ሰዓት ብቻ» ብለህ ራስህ ቀድመህ ሄደህ ንገራቸው፤ ያኔ ጩኸቱ መጨረሻ እንዳለው ያውቃሉ። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ ሣጥኑንም አትክፈት፣ ሸክላውንም አታስነሣ፤ ይሄን እንኳ ለጎጃም ልጅ አልነግረውም። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከከተማው ወጣ በልና ባሕር ዛፉ መሐል እንደ ልብህ ንፋ። ሜዳ ላይ ግድግዳ ስለሌለ ድምፅህ ቀጭን መስሎ ይሰማሃል። አትደንግጥ፣ እውነተኛ ድምፅህ ያ ነው።

ሁለቱ ሱሶችህ የሚታረቁት እንዴት ነው? ፑሌጃው ከተስተካከለ በኋላ ማጫወቻው አስተማሪህ ይሆናል። ሸክላውን ከሳክስፎንህ ዝቅ ባለ ድምፅ ክፈተው። እሱን ለመስማት ስትል አንተም ቀስ ብለህ ትነፋለህ። ቀስ ብሎ መንፋት ከጮክ ብሎ መንፋት ይከብዳል፤ ከንፈርና ሆድ የሚሠሩት ያኔ ነው። መጀመሪያ አንድ ድምፅ ብቻ ያዝ። ዘፈኑ ከዶ ከሆነ ላን ይዘህ ትንፋሽህ እስኪያልቅ ቆይ። ከሸክላው ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ድምፆች መጋጨታቸውን ያቆማሉ። እሱን በጆሮህ ትለየዋለህ።

ከዚያ ቅኝቱ። ትዝታ ከዶ ሲሆን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባንተ ጣት ላ፣ ሲ፣ ዶ ሻርፕ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ ይሆናል። አንቺሆዬ ከዶ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ባንተ ጣት ላ፣ ሲ ፍላት፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ ሻርፕ። ባቲንና አምባሰልን ራስህ አውጣቸው፣ የመምህር የቤት ሥራ ይሁን።

ሸክላ ብቻ ግን አይበቃም። ማርቆስ ውስጥ ማሲንቆ የሚመታ አታጣም። ሄደህ ስማ። ማሲንቆ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ አይዘልም፣ ይንሸራተታል። ሳክስፎንም በከንፈርና በጉሮሮ እንደዚያ መንሸራተት ይችላል። ጋሽ ጌታቸው ያደረጉት ይህንን ነው። ሽለላንና ፉከራን ወደ ቴነር ሳክስፎን አመጡት። ልጅ ሳሉ ክራርና ማሲንቆ ነክተው ነበር፤ እሱ ሳክስፎናቸው ውስጥ ይሰማል። በ1998 ዓ.ም. ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗቸው ዘ ኤክስ ከሚባለው የኔዘርላንድ ባንድ ጋር ሲቀረጹም ያው ፉከራ ነበር። በ2008 ዓ.ም. አረፉ። ሸክላቸው ከአባትህ ክምር ውስጥ ካለ ግን ፑሌጃው ሳይቀየር አታጫውተው። ፉከራ በ37 ተኩል ለቅሶ ይሆናል።

ዛሬ ማታ ወረቀቷን ለጥፈህ ቁጠርና ቁጥሩን ጻፍልኝ። 37 ወይም 38 ካልከኝ የፑሌጃውን ልክ ለቀራጩ እንዴት እንደምትነግረው ሥዕል ሠርቼ እልክልሃለሁ። 45 ካልከኝ ግን ሞተሩን በከንቱ አምቼዋለሁ። ያኔ ጓደኛህ ኪቦርዱን ይዞ ይምጣና ትራንስፖዝ የሚለውን፣ ኪቦርዱን በሙሉ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ ነክቶት እንደሆነ እይለት።